ዳገት ላይ የሚረዝም ሰላምታ

በደርግ ጊዜ ነው፤ ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በጭነት መኪና ስንመለስ፣ ጭቃማው ዳገት ላይ መኪናው እንዲቀለው ብለን ወርደን በእግራችን ወጣን። ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሁላችንም ወረድን። ተመልሰን ስንሳፈር አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ እግርዎን አሞዎት ነው?»

«እግሬ ደህና ነው። ዳገት የከለከለኝ ሐኪም ነው።»

«ምን አግኝቶዎት?»

«ዳገት ስወጣ ደረቴን እንደ ድንጋይ ይጫነኛል፤ ቆም ስል ይለቀኛል። እኔ ውጋት ነው ብዬ በምላጭ አስበጣው ነበር።»

«ሐኪሙስ?»

«ይህን ስነግረው ወዲያው ጠረጠረ። ልቤን በመሣሪያ አየና ልብን የሚመግበው የደም ሥር ጠቧል አለኝ። አሁን ሲጀምረኝ ቁጭ እልና ይቺን ክኒን ከምላሴ ሥር አደርጋለሁ፤ ይተወኛል።»

«አያስፈራም?»

«ከታወቀ ምን ያስፈራል? ዘንድሮ ማሽላዬን ያጨድኩት ራሴ ነኝ፤ ቀስ እያልኩ።»

ሴትዮዋ ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«የኔ ባል እንኳ ደረቴን ብሎ አያውቅም።»

«እሰየው።»

«ብቻ ወደ ቤት ስንወጣ ያገኘውን ሰው ሁሉ አቁሞ፣ ከከብቱ እስከ ንብ ቀፎው እየጠየቀ ሰላም ይላል። ቁልቁል ስንወርድ ግን እጁን አንስቶ ያልፋል።»

«ዳገቱ ላይ ብቻ?»

«ዳገቱ ላይ ብቻ። አገሩ ሁሉ ሰው አክባሪ ይለዋል።»

«ነገ ሐኪም ቤት ይዘሽው ነይ፤ ሐኪሙ ጋ እኔው አደርሳችኋለሁ።»

እኔም የገበያው ዳገት ላይ ሰላም እያለ እጄን ይዞ አልለቅ የሚለኝን ታላቅ ወንድሜን እያሰብኩ ጂንካ ደረስኩ።