የባላምባራስ መድኃኒትና የሞተሬ መቀመጫ

መድኃኒቱን ከሞጣ ይዤ ቢቸና ስደርስ ባላምባራስ ትንፋሽ አጥሯቸው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ብልቃጡ ያለው ደጅ ባቆምኩት አሮጌ ሞተር ሳይክሌ መቀመጫ ሥር ነው። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው መቀመጫው አልከፈት አለ። አንድ ጎረቤት መዶሻ ይዞ መጣ። «ብልቃጡን ልትሰብረው ነው?» ብዬ አስቆምኩት። ነገሩ ገብቶኛል፤ የመቆለፊያው ምላስ ተጣሞ ነክሷል፤ እኔ ቁልፉን ሳዞር ሌላ ሰው መቀመጫውን በክብደቱ ቢጫነው ይለቃል። ጎረቤቱ በሁለት እጁ ተጫነው። ወይ ፍንክች።

ዙሪያዬን ሳይ ከሁላችን የሚከብዱት የባላምባራስ ሚስት፣ ወይዘሮ ስንዱ ናቸው። ሞተሬ ግቢያቸው እንዳይገባ የከለከሉትም እሳቸው ናቸው።

«እትዬ፣ ይቀመጡበት» አልኳቸው።

«እኔ? እዚህ የሰይጣን በቅሎ ላይ?»

«የትም አይሄድም። ቁጭ ብቻ ይበሉ።»

ከውስጥ የባላምባራስ ሳል ተሰማ። ወይዘሮ ስንዱ አማተቡ፤ ነጠላቸውን አጥብቀው በጎን ዘፍ አሉበት። ቁልፉን አዞርኩ። ቀጭ አለ። ወረዱ፤ መቀመጫውን አንስቼ ብልቃጡን ሳወጣው ከእጄ ነጥቀው ወደ ቤት ሮጡ።

እኔ ደጅ ቀርቼ ምላሱን ፈታሁ፤ ቀጥቅጬ አቀናሁት፤ ዘይት ቀባሁት። አሁን በአንድ ጣት ይከፈታል። በሥራዬ ኮርቼ ስገባ ባላምባራስ ትንፋሻቸው ረገብ ብሏል።

«ይሄን ልጅ እግዜር ይስጠው። እንዴት አድርጎ ከፈተው?» አሉ።

«ማን? እሱ?» አሉ ወይዘሮ ስንዱ፣ ትራሱን እያስተካከሉ። «የከፈትኩት እኔ ነኝ። እሱማ ቁልፍ ይዞ ቆሞ ነበር።»