የክንድ ርቀት መነጽር

በማተሚያ ቤቱ የእርማት ሥራ የሚሠሩት አዛውንት አንዲት ነጥብ እንኳ ስለማታመልጣቸው፣ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ድርብ ሰረዝ» ይሏቸዋል። አንድ ጠዋት ሥራ መልቀቃቸውን ለአለቃቸው ሊነግሩ ደረጃውን ሲወጡ፣ መነጽር ቤት የምትሠራው የእህታቸው ልጅ ለደንበኛ ዕቃ አድርሳ ስትወርድ ድንገት ተገናኙ።

«ጋሼ፣ አንገትዎን ምን ሆነው ነው የሚያሹት?»

«አንገቱስ ይሁን፤ የደከመው ጭንቅላቴ ነው። ትናንት ድርብ ሰረዙን ነጠላ ሰረዝ ብዬ አለፍኩት። ሰው ሳይስቅብኝ በክብር ልሰናበት ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ። ልጅቱም ክንዳቸውን ይዛ፣ «እስቲ መጀመሪያ ሲሠሩ ልይዎት» አለችና ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው።

ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ውሃ እንደምትጠጣ ዶሮ አገጫቸውን ሽቅብ አንስተው በመነጽራቸው የታችኛው ክፍል ያዩ ጀመር። አልሆን ሲላቸው ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

«ችግሩ ጭንቅላትዎ ላይ አይደለም፤ አፍንጫዎ ላይ ነው» አለች እየሳቀች።

«አፍንጫዬን እንኳ ተይልኝ፤ የአያትሽ ውርስ ነው!»

«አፍንጫዎ ላይ ያለውን መነጽር ማለቴ ነው። የላዩ ለሩቅ፣ የታቹ በእጅ ለሚያዝ መጽሐፍ ነው። ስክሪኑ ግን መሐል ላይ ነው ያለው፤ ክንድ ያህል ርቆ። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ዐይን ከአንዱ ርቀት ወደ ሌላው ሲዞር እንደ ልብ አይታዘዝም።»

«ታዲያ ሌላ መነጽር ልጨምር? አባቴ እኮ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ መነጽር ነው የኖረው።»

«አያቴ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጠው ይውሉ ነበር? ደግሞስ እርስዎ ቤት የሚውሉበት ጫማ መንገድ ከሚወጡበት የተለየ አይደለም?»

ጋሽ ድርብ ሰረዝ መነጽራቸውን አውልቀው አገላብጠው አዩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ሰውየውን ይበልጥ የጎዳቸው የዐይናቸው መድከም ሳይሆን ሳይናገሩ መክረማቸው ነበር።

ልጅቱ ከዐይናቸው እስከ ስክሪኑ ያለውን ርቀት በሜትር ለካች። ሐኪም ዐይናቸውን መርምሮ ሌላ ሕመም እንደሌለ ካረጋገጠ በኋላ፣ በምትሠራበት መነጽር ቤት በዚያው ርቀት ጽሑፍ ይዛ የሙከራ ሌንስ አደረገችላቸው። አንገታቸውን ሳያነሡ፣ ሳይደፉም፣ መስመሩን እስከ መጨረሻው አነበቡ።

«እኔ እኮ ጃጀሁ ብዬ ነበር!» አሉ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«መንገድና ደረጃ ላይ ግን አዲሱን መነጽር ያውልቁት፤ የሩቁን ያደበዝዝብዎታል። በሥራ መሐልም በመስኮት ሩቅ ሩቅ ይዩ።»

መነጽሩ ደርሶ ሥራቸውን ቀጠሉ። የአንገታቸው ሕመም ቀለለ፤ ማታ ማታ ይፈልጣቸው የነበረው ራስ ምታትም ተዋቸው። መነጽር የሚያሠራ ሰው «አይታየኝም» ብሎ ብቻ እንዳይመለስ፣ ምን ሠርቶ እንደሚውልና ስክሪኑ ምን ያህል እንደሚርቅም ይናገር፤ ያን ጊዜ የዐይንን ድካም የአእምሮ ድካም ነው ብሎ ከሚወደው ሥራ አይለይም።

ልጅቱ ልትጠይቃቸው የመጣች ዕለት ከጠረጴዛቸው ማዶ ተቀመጠች። አዛውንቱ መነጽሩን እንዳደረጉ ቀና ብለው አተኩረው አዩዋት።

«ምነው ጋሼ?» አለች እየሳቀች።

«ስትስቂ አፍንጫሽ ይሸበሸባል፤ ልክ እንደ እናትሽ። እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር» አሏት።