ሐጂ ሙነወር ቡድን ሊገዙ ሲሉ

ሐጂ ሙነወር ሠራተኛ መላክ ሲችሉ ዓሣ ሊገዙ ራሳቸው በእግራቸው ወደ ሐይቁ ዳር የወረዱት፣ ቤታቸው ያረፈው እንግዳ በሰው እጅ የሚገዛለት ዓይነት ስላልነበረ ነው። ወሩ መጋቢት፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አሥራ አራት፣ ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ ከተማዋን ይዞ የነበረው ጦር ለቆ ከወጣ ገና አራት ወር አልሞላም።

እንግዳው አብዱልሰመድ ይባላል። በአዲስ አበባና በክልል ከተሞች ስድስት ማሊያ የቀያየረ አጥቂ ነው። ከኢድ በኋላ ውጫሌ ላይ በሚደረገው የዋንጫ ውድድር ለሐይቅ ዳር ቡድን እንዲሰለፍ የስድስት መቶ ሺህ ብር የፊርማ ገንዘብ ተቆርጦለታል። አራት ሌሎችም ይከተሉታል። ከፋዩ ሐጂ ሙነወር ብቻቸውን ናቸው። ለዚህ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቡድኑና ሜዳው በእሳቸው ስም እንዲዛወር። ቡድኑ እስከዚያ ቀን የቅሬው ነበር። ቅሬ ወሎ ውስጥ፣ ሌላው አገር ዕድር እንደሚለው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሙቱን የሚቀብርበት የጎረቤት ማኅበር ነው። ቅሬው ረቡዕ ከሰዓት ተሰብስቦ ሊፈርምላቸው ቀጠሮ ይዟል።

ዳርቻው ላይ ሽማግሌው ዓሣ አጥማጅ ሀምዱ ተገልብጦ የተቀመጠ ታንኳ ተደግፎ የተቀደደ መረብ ይሰፋል። የቅሬው ዳኛም እሱው ነው። ከጎኑ የሐጂ የእህት ልጅ ሂንድ ተንበርክካ፣ አንድ አንድ ዓሣ እያነሳች መስመር በተሰመረበት ጣውላ ላይ ርዝመቱን ትለካለች። በዓሣ ሀብት ትምህርት ተመርቃ በወረዳው የምትሠራ ልጅ ናት። ሐጂ እዚያ አገኛታለሁ ብለው አላሰቡም።

«አሰላሙ አለይኩም! ሀምዱ፣ እስቲ ክንድ የሚያህል ቆረሶ አውጣልኝ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም ሐጂ። የማን ክንድ? የአራስ ልጅ ክንድ ከሆነ ሞልቷል።»

ሐጂ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ አሉ። ከስንዝር የሚበልጥ አንድም አልነበረም።

«ኧረ ያ ረቢ! ድሮ ከዚህ ሐይቅ የወጣ አንድ ቆረሶ አራት ሰው ያጠግብ ነበር። ትልልቆቹ የት ሄዱ?»

«ትንንሽ ሳሉ ተበሉ፣ አጎቴ» አለች ሂንድ ዓይኗን ከጣውላው ሳታነሳ። «የመረቡ ዓይን ጠበበ፤ ገና የሚያድገውን እያወጣን ጨረስነው። አሁን ትልቅ የለም ብለን እናዝናለን።»

ሐጂ ሙነወር ነጋዴ ናቸው፤ ከተነገረ ቃል በስተጀርባ ያለውን መስማት ያውቃሉ። ከዘራቸውን አሸዋው ላይ ተከሉ።

«ስለ ዓሣ ነው የምታወሪው ወይስ ስለ ነገው ስብሰባ?»

«ስለ ዓሣ ነው። ከፈቀዱልኝ ግን ስለ ነገውም እናውራ።»

«አውሪ። እኔ የምፈራው ነገር የለም» አሉና ታንኳው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ግን አስቀድሜ እኔ ልናገር። መጋዘኔ ሲዘረፍ ብቻዬን አልተዘረፍኩም፤ የእናንተ መሥሪያ ቤት ወንበሩ እንኳ አልተረፈም። ዛሬ ሻይ ቤት ብትገቢ ወሬው ሁሉ ማን ምን ጠፋበት፣ ማን ማንን ቀበረ ነው። አንድ ዋንጫ ይዤለት ብገባ ይህ ሕዝብ አንድ ሳምንት ሌላ ወሬ ያወራል። ገንዘቡ ጅዳ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ወገቤ የጎበጠበት ሐላል ገንዘብ ነው። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

ይህ ክርክር ቀላል አልነበረም፤ ሂንድም አላቃለለችውም። ጣውላውን አስቀምጣ እጇን በነጠላዋ ጫፍ አደረቀች።

«ጥፋት አላልኩም። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አምና ማሾ ለምን ያን ያህል ተወደደ?»

«ሁለት ላኪዎች ተፎካከሩበት።»

«ዋጋው ሲወጣ ማሾው በዛ?»

«አንድ ፍሬ አልጨመረም።»

«ጥራቱስ?»

«የምን ጥራት! እንዲያውም ጠጠር በዛበት» አሉ ሐጂ፣ ነገሩ ትዝ ብሏቸው እየሳቁ።

«የውጫሌን ቡድን የያዘው ባለሆቴል አንቱ ለአብዱልሰመድ ስድስት መቶ ሺህ መቁረጥዎን ሲሰማ ምን ይላል?»

«ሰባት መቶ ይላል።»

«አንቱስ?»

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ቅርጫቱ አዞሩ።

«ስምንት» አለ ሀምዱ።

«አንተ መረብህን ስፋ!»

«እየሰፋሁ ነው ሐጂ። አፌ ግን በመርፌ አልተያዘም።»

«ያን ሁሉ ከፍለው» አለች ሂንድ «የአብዱልሰመድ እግር ያው የትናንቱ እግር ነው። የጨመረው ዋጋው ብቻ ነው። ውድድሩ ስምንት ጨዋታ ነው አይደል? ስድስት መቶ ሺውን ለስምንት፣ ከዚያ ለዘጠና ደቂቃ ያካፍሉት። አንዷ ደቂቃ ስምንት መቶ ሠላሳ ሦስት ብር ትመጣለች።»

«ቆሞ ውሃ ሲጠጣም ይቆጠራል?» አለ ሀምዱ።

ሐጂ አሁን አልሳቁም። ሂሳብ ሲነገራቸው የመሳቅ ልማድ የላቸውም።

«በውጭ አገርስ? ባለሀብቶቹ ባይገቡበት ቼልሲ እዚያ ይደርስ ነበር? ቱጃር ያልያዘው ቡድንማ እንደ ሀምዱ አርሴናል ነው።»

«እኛ የሊጉን ዋንጫ ካየን አሥራ ስምንት ዓመታችን ነው፤ ሰብርን፣ ትዕግሥትን፣ እንደኛ ያወቀ የለም» አለ ሀምዱ። «ደግሞ የኛም ባለቤት ቱጃር ነው። ቱጃርነቱን ለእኛ አላሳየንም እንጂ።»

«ዋንጫ ማምጣታቸውን አልክድም» አለች ሂንድ። «ግን ከአምስት ዓመት በፊት አንድ ቡድን ለአንድ ተጫዋች ሁለት መቶ ሃያ ሁለት ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ችሎታ ያለውም ግማሹን ዋጋ መጠየቅ ጀመረ። ባለሀብት የሌላቸው ቡድኖች ያሳደጓቸውን ተጫዋቾች እየሸጡ ይኖራሉ፤ ያላቸውም ባለሀብቱ ስሜቱ እስኪለወጥ ይኖራሉ። የዚህን ወር ወሬ ሰምተው የለ? አገሩ ጦርነት ገባና የቼልሲው ባለቤት ንብረቱ ታገደ። ቡድኑ አዲስ ትኬት እንዳይሸጥ፣ ተጫዋች እንዳያስፈርም ተከለከለ። ደጋፊው የሠራው ጥፋት አልነበረም።»

«እኔ የሩሲያ ቱጃር አይደለሁ፤ ማን ያግደኛል?»

«ከሦስት ዓመት በፊት ያመጧቸው ሦስት ልጆችስ?»

ይህን ሐጂ ባይነሳባቸው ይወዱ ነበር። ሦስቱ ከግማሽ ፍጻሜው በፊት በነበረው ቀን ሌላ ከተማ ሃያ ሺህ ጨምሮላቸው ማለዳ በሚኒባስ ሄደዋል። ለእነሱ ሲባል ቦታቸውን ከለቀቁት የአገሬው ልጆች ሁለቱ ዛሬ ሪያድ ናቸው። የሦስተኛው ወሬ ከጅቡቲ ጠረፍ፣ ከኦቦክ፣ ወዲያ አልተሰማም።

«እነዚያ ባለጌ ሆኑ» አሉ ሐጂ። «አብዱልሰመድ ጨዋ ነው። ግብ ጠባቂም ከኮምቦልቻ አግኝቻለሁ፤ ቁመቱን ብታዪ!»

ሂንድ ወደ ጣውላው የዘረጋችውን እጅ መለሰች። የቡድኑ ግብ ጠባቂ ታናሽ ወንድሟ ማህዲ ነበር። በዝግታ ተናገረች።

«ማህዲ ደላላ አነጋግሯል፣ አጎቴ። ሐሙስ ይወጣል፤ በጅቡቲ በኩል። በሩን ከተቀማሁ እዚህ ምን አለኝ ይላል። ‹ለአጎቴ እንዳትነግሪ› ስላለኝ ነበር እስካሁን ዝም ያልኩት።»

ሐጂ ሐይቁን አዩ። ከጅቡቲ ወዲያ ያለውን ባሕር ያውቁታል። በሃያ ሁለት ዓመታቸው ሠላሳ ስምንት ሆነው ተሳፍረው ሃያ ዘጠኝ ሆነው ነበር የወረዱት። የቀሩትን ዘጠኝ ስም አሁንም ሲሰግዱ ያነሳሉ፤ ለቤተሰባቸው ግን ተናግረው አያውቁም።

«ማህዲ… የኔ ማህዲ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ሻከረ። «ልጁ ከሄደ በእኔ ነው እያልሽ ነው?»

«አላልኩም። አንድ ነገር ብቻ ላንሳና ልተው። በኅዳር አያቴ ሲሞቱ ማን ቀበራቸው?»

ሀምዱ መርፌውን አቆመ። ኅዳር ላይ ሐጂ አዲስ አበባ ነበሩ፤ ስልክ ተቋርጦ ስለነበር የእናታቸውን የሐጂያ ዋሲላን መሞት የሰሙት ከሃያ ቀን በኋላ ነው።

«እኔ እዚያው ነበርኩ» አለች። «ተኩሱ አላባራም። ቅሬው መጣ። ማንም አልጠራውም፤ ተራው የደረሰ ሁሉ አካፋውን ይዞ መጣ። ቃሬዛውን አራት ሰው ያዘ፤ አንዱ ማህዲ፣ አንዱ ይኸው ሀምዱ፣ ሁለቱ ከላይ ሰፈር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ነበሩ። አንቱን አልወቅስም፤ ነፍስን ማሸሽ ነውር አይደለም። ነገር ግን ያ ቅሬ ባለቤቱ አንድ ሰው ቢሆን ኖሮ፣ ከአንቱ ጋር በመኪናዎ ይሸሽ ነበር።»

አንድ አባኮዳ ወፍ ከቄጤማው ተነስታ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም በኩል በረረች። ሐጂ ከዘራቸውን ነቅለው መልሰው ተከሉ። ሰው በክርክር ሲሸነፍ መጀመሪያ የሚፈልገው ከሙሉ ሽንፈት የሚያድነውን በር ነው፤ እሳቸውም ፈለጉት።

«ታዲያ ባለገንዘብ ከኳስ ይውጣ ነው የምትዪው?»

«ኧረ አብሽሩ! ማን ያስወጣዎታል? እንደ ሰው ይግቡ ነው የምለው። ቅሬው ውስጥ አንድ ሰው ነዎት፤ ቡድኑም ውስጥ አንድ ሰው ይሁኑ። የሚሰጡትን ለእግር ከሚሰጡ ለሜዳ ይስጡት፤ እግር ይሄዳል፣ ሜዳ አይሄድም። የተማረ አሠልጣኝ ይቅጠሩ፤ ለልጆቹ ጫማና ኳስ ይግዙ። ከውጭ ሰው ካስፈለገ ይምጣ፣ ነገር ግን ለሁሉም የሚከፈለው ልክ በጉባኤ ይወሰን። የውጫሌውን ባለሆቴልም ያነጋግሩት። ሁለታችሁ ልክ ካበጃችሁ የማሾው ነገር አይደገምም።»

«ይህ ዛፍ መትከል ነው። ፍሬው ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«ዘንድሮ ዋንጫ አናመጣ ይሆናል።»

«አላመጣም ማለት ነው እንጂ!»

«አናመጣም» አለች ሂንድ። «ግን የምንሸነፈው የራሳችንን ልጆች አሰልፈን ይሆናል፤ የተሸነፉትም በማግስቱ እዚሁ ይገኛሉ።»

ሐጂ ተነሱ። ሀምዱ ከቅርጫቱ ስድስት ትንንሽ ዓሣ ሊቋጥርላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉት።

«ተወው። እንግዳዬ ሽሮ ይብላ።»

በማግስቱ ከሰዓት ቅሬው በሜዳው ጥግ ካለው ዋርካ ሥር ተሰበሰበ። ከሰባ የሚበልጥ ሰው መጥቷል፤ ዝውውሩ የተጻፈበት ወረቀት ሀምዱ ጉልበት ላይ ነው። የቀጠሮው ሰዓት ደረሰ፣ አለፈ። ሐጂ የሉም። ሂንድ ሦስት ጊዜ ወደ መንገዱ አየች፤ ማህዲም ከጠዋት ጀምሮ ቤት አልነበረም። ሐሙስ ያለው ረቡዕ ሆነ ብላ ልቧ ፈራ።

ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል አንድ ባጃጅ ሜዳው ዳር ቆመ። ሐጂ ሙነወር ወረዱ። ከኋላቸው አንድ ትንሽ ሻንጣ አንጠልጥሎ፣ ፊቱን አኮሳትሮ ማህዲ ወረደ። ሐጂ ለማንም ምንም ሳያስረዱ ሀምዱ ፊት ቆሙና ወረቀቱን ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት።

«ወንድሞቼ፣ አፉ በሉኝ» አሉ። «ዋንጫ ላመጣላችሁ ነበር። የማመጣው ግን ዋንጫ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ነው። አብዱልሰመድን ዛሬ ጠዋት በመልካም ሸኝቼዋለሁ፤ ልጁም እውነተኛ ነው፣ ‹ሐጂ፣ በስድስት ከተማ ተጫውቻለሁ፣ የአንዱንም ሰፈር ስም አላውቅም› አለኝ። ለእሱ ያልኩት ገንዘብ ለሜዳው አጥርና ለአሠልጣኝ ይሁን፤ በእናንተ ቁጥጥር። ከዚያ ውጭ እንደ ማንኛችሁም በወር አሥር ብሬን እከፍላለሁ፤ ድምፅ ሲሰጥ እጄንም አንድ ጊዜ ብቻ አወጣለሁ።»

አንድ ጎልማሳ ከኋላ ተነሳ። «ሐጂ፣ ገንዘቡን የሚሰጡ አንቱ፣ የምንወስን እኛ። በኋላ አይቆጭዎትም?»

«ይቆጨኛል» አሉ። «ሲቆጨኝ ቀብር ቦታ ሄጄ እመለሳለሁ።»

ጉባኤው ያን ቀን የወሰነው ብዙ አልነበረም። ቡድኑ ለማንም እንዳይሸጥና በማንም ስም እንዳይዛወር፤ የተጫዋች ክፍያ ልክ በየዓመቱ በጉባኤ እንዲቆረጥ፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱ በወረዳው ያደጉ እንዲሆኑ። ማህዲ በሩን እንዲይዝና ታዳጊ በረኞችን በትንሽ አበል እንዲያሠለጥን ተጠየቀ። እሱም ሻንጣውን ከእግሩ ሥር ሳያርቅ «እስከ ክረምት እሞክራለሁ» አለ። ከዚህ የበለጠ ቃል አልሰጠም፤ ማንም አላስገደደውም።

ከኢድ በኋላ ቡድኑ በሩብ ፍጻሜው ተሸንፎ ተመለሰ፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ነገር ግን ትርፉ በዓይን የሚታይ ነበር። በማግስቱ ልምምድ ላይ አሥራ አንዱም ተገኙ። የውጫሌው ባለሆቴል ዋጋ የሚያስጨምረው ተፎካካሪ ሲያጣ የራሱን የፊርማ ገንዘብ በግማሽ ቀነሰ። ታጥሮ በተጠበቀው ሜዳ ላይ ሴቶች ልጆችም መሮጥ ጀመሩ። ለአንድ ሰው እግር ሊወጣ የነበረው ገንዘብ የአሠልጣኙን የሁለት ዓመት ደመወዝ ቻለ። ከሁሉም በላይ፣ ሐጂ ሙነወር ቢታመሙ፣ ቢከስሩ ወይም እንደገና መሰደድ ቢመጣ ቡድኑ ከእሳቸው ጋር እንደማይጠፋ ሁሉም አወቀ። ማህዲ ክረምቱ ሲወጣ ሻንጣውን ለአንድ ወደ ደሴ ለሚሄድ ተማሪ አዋሰው፤ መልስልኝም አላለውም።

በዚያ ረቡዕ ግን ሰዉ ዱዓ አድርጎ ሊበተን ሲነሳ ሀምዱ እጁን አነሳ።

«ቆዩ፣ አንድ ነገር ቀርቷል። ሐጂ ሙነወር ዘግይተዋል። የቅሬው ሕግ የዘገየ አሥር ብር ይላል።»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። መሐረባቸውን እየፈቱ ጠየቁ።

«ቅሬው ቀብር ላይ ቆይቶ ለዘገየ ይምራል። ከቀብር ሰው ሲመልስ ለዘገየስ?»

ሀምዱ ማህዲን አየው፤ ከዚያ ሐጂን አየ።

«ለእሱ ሕግ የለንም» አለና እጁን ዘረጋ። «አሥር ብር።»