የጋሽ ይቆይ ቆስጣ

የስልሳ ሁለት ተማሪዎችን ፈተና አርሜ ስጨርስ ዓይኔም፣ ከአምና ጀምሮ የሚነዘንዘኝ ጥርሴም አብረው ያሙኝ ጀመር። የዓይኑን ለምጄዋለሁ፤ ለጥርሴ ብዬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ጎረቤቶቼን ጋሽ ይቆይንና ባለቤታቸውን እትዬን አገኘኋቸው። እትዬ ጥጥ ነክሰው ግድግዳውን ተደግፈዋል። የቀሯቸው ሁለት መንጋጋዎች መነቀላቸውን የነገሩኝ ባልየው ናቸው።

«ይቆይ» እናት አባታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ጋሼ አናጢ ናቸው፤ ሳንቃ አጋድመው በደንብ ሳያደርቁ መጋዝ አያስነኩትም፤ ደንበኛ ሲቸኩልባቸው መልሳቸው «ይቆይ» ነው። የሠሩት በር ስለማይጣመም የሰፈሩ ሰው ስሙን ያወጣላቸው በፍቅር ነበር። ችግሩ «ይቆይ» ከአናጢ ቤቱ አልፎ ጓሮ ገባ። በዚያ ጓሮ ጋሼ «ደርሷል» ሳይሉ ቅጠል አይቀነጠስም፤ እሳቸው ደግሞ ደርሷል አይሉም። ጥቅል ጎመኑ ዝናብ ሲጠግብ ተሰነጠቀ። ካሮቱ ውስጡ እንጨት ሆነ። የአምናው ዝኩኒ አድጎ አድጎ ቢላ እምቢ ስላለ እነሆ የአናጢ ቤቱን በር ደግፎ ይዟል። ይህን ሁሉ ጠዋት ጠዋት ውሃ የሚያጠጡት እትዬ ግን ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ገበያ ይወርዳሉ፤ የጠወለገ ጎመን ገዝተው ጉልበታቸውን እያሻሹ ይመለሳሉ። እኔም በአጥሩ በኩል አይቼ አዝናለሁ፤ ግን ደክሞኛልና ዝም እላለሁ።

የኔ ተራ ለነገ ተባለ። ዘንድሮ ከግብርና ኮሌጅ የተመረቀችው ልጃቸው የእናቷን መድኃኒት ይዛ መጣችና አራታችን አብረን ወደ ሰፈር አዘገምን። ሐኪሙ አዲስ ጥርስ እስኪገባላቸው ድረስ ለስላሳ ነገር፣ በተለይ በደንብ የበሰለ ቅጠላ ቅጠል ይብሉ ማለቱን መንገድ ላይ ነገረችኝ።

ግቢ እንደገባን እናቷን ጓሮ ወስዳ የተገለበጠ ባልዲ ላይ አስቀመጠቻቸው። ለእትዬ የጓሮ ወንበር ይሆናል የተባለው ሳንቃ አናጢ ቤት ውስጥ መድረቅ ከጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ልጅቷ ከቆስጣው መደብ አጠገብ ተንበረከከች።

«አባባ፣ ዛሬ ልቁረጥላት።»

«ይቆይ፣ ልጄ። ሁለት ሳምንት ብቻ። ገና ምኑ ተያዘና።»

«በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ይላሉ። ሁለት ሳምንቱ ሲያልፍ ግንድ ያወጣል፤ ቅጠሉ ይጠነክራል፤ ከዚያ ነቅለን እንጥለዋለን። የውጭ የውጭውን ቆርጠን መሐሉን ብንተውለት እኮ ያው መልሶ ያወጣል። ዝኩኒውም በለጋነቱ ሲቀነጠስ ነው ደጋግሞ የሚያፈራው።»

ጋሼ አልተቆጡም። መደቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ይህቺ ልጅ ስስታም አድርጋ ታየኛለች። እኔ ልጅ ሆኜ ቤታችን የበቀለው ሁሉ ሳይጠና ነበር የሚበላው። ርቦን ነዋ። ከዚያ ወዲያ ባዶ መሬት ነው የሚያየን። ሙሉ መደብ ሳይ ሆዴ የሚረጋው ለዚህ ነው።»

ይህን ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ አንጀቴን በሉት። ልጅቷም ቀና ብላ አየቻቸው፤ ለእሷም አዲስ ሳይሆንባት አልቀረም። ያን ጊዜ እንዴት ነበር የምትሰበስቡት ብዬ ጠየቅኳቸው። ከነሥሩ ነበር አሉ።

«እኔ ሥሩን ንኩ አላልኩም፣ አባባ» አለች ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ሥሩ ይቆይ። ቅጠሉ ነው የማይቆየው።»

ጋሼ አገጫቸውን አሹ። ነገሩ እንደገባቸው ፊታቸው ላይ አየሁት፤ የቆየ ልማድ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። በቃ እሁድ ይቆረጣል አሉ።

ይሄኔ እትዬ ጥጡን ከአፋቸው አወጡ።

«አሥራ አንድ ዓመት ውሃ አጠጣሁት» አሉ። «ስታቆየው፣ ስታቆየው፣ አሳድጎ ሊያበላኝ ነው እል ነበር። ጥርሴ ግን አልቆየልኝም።»

ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ብቻ ነበር። ጥጡን መልሰው ነከሱ።

ጋሼ ብድግ ብለው አናጢ ቤት ገቡ። ሆድ ብሷቸው ነው ብዬ ልሰናበት ስል ትንሿን የሥራ ቢላቸውን ይዘው ተመለሱ። ልጃቸው አጠገብ ተንበረከኩ።

«የቱ ጋ ነው የሚቆረጠው?» አሏት።

አሳየቻቸው። ቆስጣው ተከትፎ በጨውና በጥቂት ዘይት እስኪልም ተቀቀለ። እትዬ አንድ ማንኪያ ወሰዱ፤ በምላሳቸው አላምጠው ዋጡና «እንዲህ ነው እንዴ የሚጣፍጠው?» አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ያጠጡት ሰው ናቸው እንግዲህ። ጋሼ አንገታቸውን ደፉ፤ እኔም የማየው አጣሁ።

መምህር ነኝና ሳልመክር አልለቅም። ያ መደብ ከዚያ ወዲህ በሁለት ወር አራት ጊዜ ተቆርጧል፤ አራቱንም ጊዜ መልሶ አውጥቷል። ዝኩኒው በስንዝሩ ይቀነጠሳል፤ ካሮቱ ጣት ሲያህል ይወጣል። ዘንቢሉ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ የእትዬም ጉልበት ከገበያው ዳገት አርፏል። ጓሮ ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የዘራኸውን በለጋነቱ ብላ፤ ሥሩን ተውለት እንጂ ቅጠሉን ለዓይንህ አታኑረው። የሚበላው ሰው መደቡን እያየ ያረጃል። እኔም አንድ ዓመት ያስታመምኩትን ጥርስ በማግስቱ ሄጄ አስነቀልኩ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወረቀት ሳርም ከአጥሩ ማዶ የመላጊያ ድምፅ ሰማሁ። ጋሼ ምን ይዘው ነው ብዬ መነሳት አማረኝ፤ ወገቤ እምቢ አለኝ። ዛሬ ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ ግን በአጥሩ አሻግሬ አየሁ። ባልዲው ውሃ ተሞልቶ መደቡ ዳር ቆሟል። እትዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው።