ስለ ባቄላው ብቻ

ከገንዳ ውሃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ደጋግማ ስልክ ትሞክራለች። አጠገቧ ያሉት አሮጊት ጠየቋት።

«ማንን ነው ልጄ እንዲህ የምትፈልጊው?»

«ጎረቤቴን ነው እማማ፤ ሀዋ የምትባል ሱዳናዊት ናት። ልጄ በጾሙ በርገር አማረኝ ብላኝ በባቄላ ልሠራላት ነበር። ሀዋ ስትሠራው ቅርጹን ይዞ ይጠበሳል፤ የኔ ግን ዘይት ሲነካው ይፈርሳል።»

«ዱቄት ጨምረሽበታል?»

«ጨምሬበት ሊጥ ሊጥ አለ።»

«ጎረቤትሽስ የት ሄዳ ነው?»

«እናቴን ላምጣ ብላ ወደ ሱዳን ተሻገረች። ቶሎ እመለሳለሁ ብላኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።»

«እዚያ እኮ በጦርነቱ ኔትወርክ የለም ይላሉ።»

«እኔም እንደዚያ ነው የምለው። የምደውለው ስለ ባቄላው ልጠይቃት ነው፤ ሌላ ሌላውን አላስብም።»

«ቁልፏን ሰጥታ ቤቷን አደራ አላለችሽም?»

«ብላኛለች። ጠዋት ጠዋት ደጇን እጠርግላታለሁ።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ እሷ ዞሩ።

«ባቄላውን ቀቅለሽ ነው የምትፈጪው?»

«አዎ፣ በደንብ እስኪበስል።»

«እሱ ነዋ ያፈረሰብሽ። አይቀቀልም። ዘፍዝፈሽ ታሳድሪውና ጥሬውን ትፈጪዋለሽ። ማዶ ገላባት ስነግድ ሲሠሩት አያቸው ነበር።»

«ጥሬውን?»

«ጥሬውን። ከዚያ በኋላ አይፈርስብሽም።»

ሴትዮዋ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ታዲያ አሁን ምን ብዬ ልደውልላት?»

ወራጅ አለ ማለት አቅቶኝ መውረጃዬን አለፍኩት።