ልጄን ገዢው ፓርቲ ውስጥ አስገቡልኝ

(ቨርጂኒያ፤ ጠዋት፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ላይ በቆመ መኪና ውስጥ፤ አቶ ተካበ ሊወርዱ ሲሉ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጃቸው ረድኤት እጅጌያቸውን ይዛ አለቅም ብላለች።)

ረድኤት፦ ዳቦውን መልሰው አልኩህ እኮ አባዬ! ድፎ ዳቦ ተሸክመህ ትምህርት ቤት አትገባም!

ተካበ፦ በባዶ እጅ ሽምግልና የት አገር አይተሻል? እናትሽ ትናንት ስትለፋበት የዋለችው ዳቦ ነው።

ረድኤት፦ ሽምግልና? ማንን ልትለምን?

ተካበ፦ አስተማሪሽን ነዋ! ሚስስ ሃርፐርን። ጋሽ ፈለቀና ጋሽ ባይሳ ቀድመውኝ ገብተው ቢሮዋ በር ላይ ተቀምጠዋል።

ረድኤት፦ ወይኔ ጉዴ! ጋቢ ለብሰዋል እንዳትለኝ ብቻ።

ተካበ፦ ታዲያ ሽማግሌ ቱታ ይልበስ?

ረድኤት፦ ሰው ቢያያቸው ሚስስ ሃርፐርን ለልጃቸው ሊጠይቁ የመጡ ነው የሚመስለው! ምን ሊሏት ነው?

ተካበ፦ ቀላል ነው። «ልጃችን ገና ልጅ ናት፣ ሳታውቅ ነው የገባችበት። ከተቃዋሚ አውጥተው ገዢው ፓርቲ ውስጥ ያስገቡልን።» በቃ። እምቢ ካለች ጋሽ ባይሳ ድንጋይ ይሸከማል።

ረድኤት፦ አባዬ፣ ትምህርት ነው እኮ! የአሜሪካ መንግሥትና ፖለቲካ የሚባል ትምህርት! ክፍሉን ምክር ቤት አደረገችው፣ ዕጣ አወጣን፣ ብዙው ገዢ ትንሹ ተቃዋሚ ሆነ። ለእኔ ተቃዋሚ ደረሰኝ። ዛሬ ክርክሩ ነው፤ ከተርሙ ውጤት ትልቁ እሱ ነው።

ተካበ፦ ዕጣውስ ይሁን፣ ዕጣ የእግዜር ነው። መሪ ያደረገሽ ማነው?

ረድኤት፦ መረጡኛ!

ተካበ፦ አየሽ! ከኋላ መቀመጥ አቃተሽ? መጀመሪያ የሚለቀመው እኮ ከፊት የቆመው ነው።

ረድኤት፦ ማነው የሚለቅመኝ? የሒሳብ አስተማሪው?

ተካበ፦ ቀልጂ አንቺ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ።

ረድኤት፦ እዚህ ንጉሥ የለም። እዚህ ፕሬዚዳንትም ይከሰሳል። ምዕራፍ ሦስት ላይ አለ።

ተካበ፦ ምዕራፍ ሦስትን የጻፈው ሰውዬ አሁን የት እንዳለ ጠይቀሻል?

ረድኤት፦ ፍሎሪዳ። ጡረታ ወጥቶ ዓሣ ያጠምዳል። መጽሐፉ ጀርባ ላይ ፎቶው አለ፤ ኮፍያ አድርጎ ይስቃል።

ተካበ፦ እ... ይሳቅ። እሱ አገሩ ነው።

ረድኤት፦ የእኔስ አገር አይደል? ቆይ፣ ለዜግነት ፈተና ስታጠና የምጠይቅህ እኔ አይደለሁም? የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ ምን ምን መብት ይሰጣል?

ተካበ፦ የሃይማኖት፣ የመናገር፣ የፕሬስ፣ የመሰብሰብ፣ ለመንግሥት አቤት የማለት።

ረድኤት፦ ታዲያስ!

ተካበ፦ እሱ ለፈተና ነዋ! መልሱን ማወቅ ሌላ፣ ውስጡ መኖር ሌላ።

ረድኤት፦ ስማኝማ። በዚህ አገር ምክር ቤት የተቃዋሚው መሪ ቢሮ አለው፣ ጸሐፊ አለው። ደመወዙም ከመንግሥት ነው።

ተካበ፦ ከማን?

ረድኤት፦ ከመንግሥት።

ተካበ፦ ቀኑን ሙሉ ሲቃወመው የሚውለውን ሰው መንግሥት ራሱ ይቀልበዋል? በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ሊያደልቡት ነው የኔ ልጅ፣ ሊያደልቡት!

ረድኤት፦ ኧረ አባዬ! እውነቱን ንገረኝ እስቲ፤ ይህን ያህል ምን ያስፈራሃል?

ተካበ፦ አጎትሽ ሽፈራው ያስፈራኛል።

ረድኤት፦ ጋሼ ሽፌ? እሱ እኮ ዝንብ አያባርርም።

ተካበ፦ ዛሬ ነዋ የማያባርረው። ባንቺ ዕድሜ፣ ባንቺ ክፍል እያለ ከእሱ በላይ አፈኛ አልነበረም። ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ እጁን አወጣና «ተቃውሞ አለኝ» አለ። ስለ ምን መሰለሽ? ስለ ሽንት ቤት! ቁልፉ ሁልጊዜ ዳይሬክተሩ ኪስ ነበር። በዚያው ወሰዱት። ሲፈታ ጢም አውጥቶ ነው የመጣው፤ እናቴ በሩን ከፍታ «ማንን ፈልገው ነው?» አለችው። እስከ ዛሬ ሰርግ ቤት ሁሉም እጁን አንስቶ ሲያጨበጭብ እሱ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይቆማል። እኔ ደግሞ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እፈራለሁ። በቃ፣ እፈራለሁ።

ረድኤት፦ ይህን ነግረኸኝ አታውቅም።

ተካበ፦ ምን ብዬ ልንገርሽ? ጎመን በጤና እያልኩ አሳደግሁሽ፣ እሱ ይበቃል ብዬ።

ረድኤት፦ እሺ አባዬ። እሺ። ግባና ለምናት። ገዢው ፓርቲ እገባለሁ።

ተካበ፦ ከልብሽ ነው?

ረድኤት፦ ከልቤ። አንተ ከምትጨነቅ ይቅር።

ተካበ፦ ተባረኪ! አየሽ፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል። ከገዢ ጋር ሰው ተጎድቶ አያውቅም።

ረድኤት፦ እንግዲያው ትንሽ ታገሰኝ፣ ንግግሬን ልገልብጠው። እስካሁን ሕጉን ስቃወም ነበር፤ አሁን ልደግፈው ነው።

ተካበ፦ ደግፊ! አጨብጭቢም! መደገፍ ምን ክፋት አለው? ለመሆኑ ምን የሚል ሕግ ነው?

ረድኤት፦ አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ወላጆቹን ሳያስፈቅድ ጓደኛው ቤት ማደር ይችላል የሚል።

ተካበ፦ ምን ይችላል?

ረድኤት፦ ማደር።

ተካበ፦ ማታ?

ረድኤት፦ ቀን ይታደራል እንዴ?

ተካበ፦ አንቺ ስንት ሞላሽ?

ረድኤት፦ አሥራ ስድስት። ኬኩን አንተ አይደለህ የገዛኸው?

ተካበ፦ ወይ አምላኬ! ማነው ይህን ያመጣው?

ረድኤት፦ ገዢው ፓርቲ። መሪያቸው ታይለር ይባላል።

ተካበ፦ የማን ልጅ ነው?

ረድኤት፦ እናቱ የጥርስ ሐኪም ናት።

ተካበ፦ ይኸው! የሰው ጥርስ ስታይ የልጇን ጠባይ ሳታይ! አንቺስ? ተቃዋሚ ሳለሽ ምን ልትዪ ነበር?

ረድኤት፦ «ወላጅ የሚጨነቀው ስለሚወድ ነው፤ ልጅ የት እንዳደረ የማያውቅ ቤት ቤት አይደለም» ልል ነበር።

ተካበ፦ እንዲህ ልትዪ? በእንግሊዝኛ? በሁሉም ፊት?

ረድኤት፦ አዎ።

ተካበ፦ አንቺ ልጅ! ይህን ይዘሽ ለምን አልነገርሽኝም?

ረድኤት፦ «ተቃዋሚ» ስልህ መቼ ጆሮ ተረፈህ?

ተካበ፦ ስልኬን፣ ስልኬን አቀብዪኝ! ሃሎ? ጋሽ ፈለቀ! ገባችሁ እንዴ? አልተናገራችሁም? እሰይ፣ እንዳትናገሩ! ምን? ብስኩት አቀረበችላችሁ? ብሉ። አይ፣ ነገሩ ተገልብጧል። ገዢው ፓርቲ ባለጌ ሆኖ ተገኘ! አዎ፣ ልጆች ውጭ ይደሩ ይላል! አይደል? እኔም ይኸው አዞረኝ። በሉ እንግዲህ፣ «ልጃችን በተቃዋሚነቷ ትጽናልን» ብላችሁ ለምኑልኝ። ጋሽ ባይሳ ድንጋዩን ያስቀምጥ።

ረድኤት፦ እኔ ግን ፈራሁ አባዬ። ከኋላ ብቀመጥ ይሻለኛል። ጎመን በጤና።

ተካበ፦ ጎመኑን ለታይለር ተዪለት! ተነሽ ይልቅ፣ ሰዓት እየሄደ ነው!

ረድኤት፦ እንሸነፋለን እኮ። እነሱ ብዙ ናቸው፤ ድምፅ ሲሰጥ ሕጉ ያልፋል።

ተካበ፦ ተሸንፋችሁስ? ከዚያ ምን ያደርጓችኋል?

ረድኤት፦ ምንም። ደወል ይደወላል፣ ወደ ቤት እመጣለሁ።

ተካበ፦ ወደ ቤት? እንዲያው ዝም ብለሽ?

ረድኤት፦ ዝም ብዬ። መጀመሪያ ከእነ ታይለር ጋር ፒዛ እንበላለን እንጂ።

ተካበ፦ ተሸንፎም ወደ ቤት ይኬዳል በይኛ።

ረድኤት፦ አባዬ... እያለቀስክ ነው?

ተካበ፦ የምን ልቅሶ! ብርዱ ነው። ፒዛው ግን ይቅር። አሁን ንገሪኝ፣ ተመልካች ይፈቀዳል?

ረድኤት፦ ይፈቀዳል፤ ግን ተመልካች ዝም ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ቃል እንዳትናገር።

ተካበ፦ ዝም ብሎ? በነፃ አገር ማን አባቱ ነው ዝም የሚያሰኘኝ!