ስንቅ አመላላሿ ንስር

ውሸታም በሉኝ፤ ይህን ግን በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። በደርግ ጊዜ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ሊያሳየን አንድ ወንድ ንስር ከሐዋሳ ሐይቅ ዳር አስይዞ ሽቦ ቤት ውስጥ ዘጋበት። "አጥንቱ የወጣለት ዓሣ እየቀረበለት ምን ጎደለው?" ይላል። ንስሩ ግን አልቀምስም ብሎ ላባው ረገፈ፤ ሊሞት ነው አልን። አንድ ረፋድ የንስሩ ሚስት ጥጃ የሚያክል ቆሮሶ ዓሣ በጥፍሯ አንጠልጥላ ከሰማይ ወረደችና፣ እየቦጨቀች በሽቦው ቀዳዳ ታጎርሰው ጀመር! በላላት።

ልጃቸው የታሰረባቸው እማማ ዘነበች ምሳ ዕቃቸውን እንደያዙ ቆመው፣ "ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺም እንደኔ ስንቅ አመላላሽ ናት" አሉት። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፍቶ ሽቦውን ከፈተ። ሁለቱ ንስሮች እየጮኹ ሲነሱ ሐይቁ እንደ ባሕር ተናወጠ። እማማ ዓይናቸው እስኪደክም ሽቅብ አዩና፣ ምሳው ሳይቀዘቅዝ ወደ እስር ቤቱ መንገዳቸውን ቀጠሉ።